ማን ያውራ? የነበረ

ልጆቼ፣ «አባባ፣ እርስዎም ቴሌግራም ይግቡ እንጂ» እያላችሁ ስትወተውቱኝ ዝም ያልኩት ስልክ ጠልቼ አይደለም። ያደግሁት መርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ ሥር፣ ነገር በሰው አፍ ከተራ ወደ ተራ በሚዞርበት ገበያ ነው። ጠዋት ምናለሽ ተራ የተነሳ ወሬ ከዙህር በፊት ጎማ ተራ ሲደርስ ራሱና ጅራቱ ተለዋውጦ ነው የሚደርሰው። በሰው እግር የሚሄድ ወሬ ይህን ያህል ቤት ካፈረሰ፣ ሳይደክመውና ሳይተኛ የሚሄደውማ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ቢሆንም ገብቻለሁ።

የገባሁት ግድ ሆኖብኝ ነው። ጅዳ ያለችው ልጃችን እናቷን የምታያት በኢሞ ነው። ደሴና ጅማ ያሉ ደንበኞች ድሮ ዕቃውን በዓይናቸው ለማየት ተሳፍረው ይመጡ ነበር፤ ዛሬ «ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩልን» ይላሉ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብሩም በስልክ ነው የሚሄደው። እድሩ ሳይቀር ስብሰባ የሚጠራው በግሩፕ ሆኗል፤ «ግሩፑ ላይ ተነግሮ ነበር» ከተባለ «አልሰማሁም» ማለት አያዋጣም። ሰው ከሰው ተለይቶ አይኖርም። እናም ምክሬ ስልካችሁን ጣሉ የሚል አይደለም። ከገባችሁ በኋላ ምን እንደምትናገሩና ምን እንደምትይዙ ነው የማጫውታችሁ።

አባቶቻችን «ማን ያውራ? የነበረ፤ ማን ያርዳ? የቀበረ» ይላሉ። በስልክ ጉዳይ እኔ የምከተለው ሕግ ይኸው ነው። ወሬ ባለቤት አለው። በቦታው የነበረ ይናገረዋል፣ የደረሰበት ይናገረዋል፣ ንገር ተብሎ አደራ የተሰጠው ይናገረዋል። ከእነዚህ አንዱን ካልሆናችሁ እጃችሁ የገባው ነገር የሰው ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ አንስቶ የሸጠ በመርካቶ ምን እንደሚባል ደግሞ ለእናንተ አልነግርም።

ከመርዶው ልጀምር፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያመኝ እሱ ነውና። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ እንዲሁ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ለሟቹ ልጅ ማን ይንገራት፣ ማን አጠገቧ ይሁን፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባት ወይ፣ እህል ቀምሳለች ወይ ይባባላሉ። ከዚያ ማለዳ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። ገና ስታያቸው ይገባታል፤ ነገር ግን ስትወድቅ የሚደግፋት እጅ በዙሪያዋ አለ። ልጅቱ አረብ አገር ከሆነች ደግሞ አስቀድሞ እዚያ ላለች የአገሯ ልጅ ይደወላል፤ «ሄደሽ አጠገቧ ሁኚ፣ ሥራዋን እስክትጨርስ ጠብቂ» ትባላለች። ይህ ሁሉ ድካም ሐዘኑ ሰውን ብቻውን እንዳያገኘው ነው።

አሁን ግን ምን እየሆነ ነው? በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም፤ ጠዋት ያረፈ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ኮልፌ ይቀበራል። ቀባሪው ከኮልፌ መቃብር ሳይመለስ አንዱ የሟቹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ያወጣል። በክፋት አይደለም፤ ሰው ዱዓ እንዲያደርግለት ብሎ ነው። ልጅቱ ግን ሪያድ ውስጥ በሰው ወጥ ቤት ቆማ፣ ለአፍታ ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ፎቶ ከሥሩ «አላህ ይዘንለት» ተብሎ ተጽፎ ታየዋለች። ቋንቋዋን የሚሰማ በቤቱ የለም። የሚይዛት የለም። ነገ ጠዋትም ሥራ አለባት። አንዳንዱ ደግሞ ፎቶ አላወጣሁም ይላል፤ ግን ገጿ ላይ ገብቶ «አይዞሽ፣ አላህ ያጽናሽ» ብሎ ይጽፋል። እሷም «ምን ሆኜ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጆቼ፣ ከዚህ የከፋ መርዶ አለ?

ስለዚህ ሰው ባረፈ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ልጆቹ በሙሉ ሰምተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ ራሱ ይፋ እስኪያደርገው ድረስ ፎቶም፣ ስምም፣ የማጽናኛ ቃልም አታውጡ። ዱዓ በልብ ይደረጋል፤ አላህ ዘንድ ለመድረስ የማንንም ገጽ አይጠብቅም። የእድርና የጀማዓ ግሩፕ የምታስተዳድሩትም ይህን ደንብ አድርጋችሁ ጻፉት። የሚቀየም ቢኖር እኔን ይቀየም።

ወሬው የገበያ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ሰፈር ያዳርሳል። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥር በጠበቀ ሰሞን «ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ተነዛና መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ዋለ። የከተማው ገቢዎች ቢሮም ሐሰት ነው ብሎ ማስተባበል ነበረበት። ነጋዴው በደረሰኝ አሠራር ላይ ያለው ቅሬታ ሌላ ነው፤ ፊት ለፊት ሊነገርና ሊሰማ የሚገባው ነው። እኔ የማስበው ግን ሱቅ ሲዘጋ ማን ጾሙን እንደሚያድር ነው። ባለ ሱቁ የከረመ ጥሪት አለው። ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ በየበረንዳው ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ግን የዕለት ጉርሳቸው በዚያ ቀን ገበያ ላይ ነው። ጣቱን አንድ ጊዜ ተጭኖ ወሬ ያስተላለፈው ሰው እነሱን አያያቸውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ወሬውን ያፈሰሰው አንዱ ሲሆን የለቀሙት ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ ተቃጠለ። የስንቱ ዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት አመድ እንደሆነ አይተናል። የእኛ ሰፈር መንገድ ጠባብ ነው፤ ቤቱ የተያያዘ ነው። እሳት ባያችሁ ጊዜ መጀመሪያ 939 ደውሉ፤ ከዚያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ወይ ዕቃ አውጡ፣ ወይ ለእሳት አደጋ መኪና መንገድ ልቀቁ። ቪዲዮው ለማን ነው? እሳቱ ሳይጠፋ «ያስነሳው እገሌ ነው» ብሎ መጻፍማ ሌላ እሳት መለኮስ ነው። ምክንያቱ በመርማሪ ተጣርቶ ይነገራል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»፤ ማደር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ስልክ ደግሞ የሚያስጠላን ትዕግሥትን ነው።

ሃይማኖታችንም ይህንኑ ነው ያዘዘን። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር ሳናጣራ እንዳንቀበል፣ ባለማወቅ ሕዝብ ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ተነግሮናል። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ይኸው ይበቃዋል የሚለውን የነቢያችንን ﷺ ትምህርትም በየመድረሳው ተምራችሁታል። ታዲያ በጁምዓ ኹጥባ ሲነገር ራሳችንን እየነቀነቅን ሰምተን፣ ከመስጊዱ ደጅ ሳንርቅ ምንጩን የማናውቀውን ቪዲዮ ለሃምሳ ሰው የምንልክ ከሆነ ምኑን ሰማነው?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ ውስጥ «ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች ገብተዋል» የሚል ወሬ በዋትስአፕ ተዛምቶ ምንም ያላደረጉ መንገደኞች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሕንድ ውስጥ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይላክ ገደበ፤ በ2020 ደግሞ ብዙ የዞረ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ እንዳይሄድ አደረገ። ልጓሙን ማሽኑ ላይ ያሰሩት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በአገራችንም የባሰ አይተናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቷቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ማንነታቸው እየተነገረ በሰው ዓይን እንዲገቡ ተደረገ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጅ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲወርዱ ለኩባንያው አመልክቼ ነበር ይላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ኩባንያው በፍርድ ቤት ይጠየቅ። ግን ያንን ጽሑፍ «ላይክ» እያሉ፣ እየተቀባበሉ ወደ ሰውዬው ደጅ ያደረሱት ሰዎችስ ሌሊት እንዴት ይተኛሉ? የሰው ፎቶ፣ ብሔሩ፣ መኖሪያ ሰፈሩና የሥራ ቦታው በአንድ ጽሑፍ ላይ ተሰብስቦ ካያችሁ፣ የተጻፈው እውነትም ቢመስላችሁ አትንኩት። ምላስ አጥንት የላትም፣ ግን አጥንት ትሰብራለች።

እኛ ደግሞ የምንኖርበት ቦታ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። አዛኑና ቅዳሴው እየተደማመጡ፣ ሰዉ በአንድ በረንዳ እየነገደ፣ በሐዘንም በደስታም እየተጠራራ ኖሯል። ሩቅ አገር ተቀምጦ አንዱን በአንዱ ላይ የሚያነሳሳ ጽሑፍ የሚለቅ ሰው ዋጋውን አይከፍልም፤ ዋጋውን የሚከፍለው በዚህ አጥር ግራና ቀኝ ያለው ነው። ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግር ያሰራጨን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ካሰራጨው ደግሞ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

እንዲህ ስል ዝም በሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ምሳሌው «ማን ያውራ?» ብሎ ጠይቆ «የነበረ» ነው ያለው፤ የነበረ ሰው ካላወራ እውነት ይቀበራል። በ2004 የሙስሊሙ ጥያቄ በተነሳ ጊዜ «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው የፌስቡክ ገጽ በጁምዓ ቀን ምን እንደሚደረግ ያሳውቅ ነበር፤ ይህ የመስጊዳችን ግቢም የዚያ ሰላማዊ ተቃውሞ አንዱ መድረክ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክም ቴሌግራምም ቲክቶክም ተገድበው ነበር። በዚያው መሃል ግንቦት 18 ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ እዚህ አንዋር መስጊድ የሰው ሕይወት ጠፋ። በቦታው ቆሞ በዓይኑ ያየ ሰው ያየውን ያህል ብቻ መመስከሩ ግዴታው ነው። ያላየ ሰው በላዩ ሲጨምርበት ግን የነበረውንም ሰው ቃል ያስረክሰዋል፤ ውሸቱ በታወቀ ጊዜ እውነቱም አብሮ ይጣላል።

አሁን ወደ ሰደቃው ልምጣ። በረመዳን ማፍጠሪያ የሚያከፋፍሉ ወጣቶች ስመለከት ልቤ ደስ ይለዋል። ማሻአላህ፣ ክረምት ከበጋ የማይደክሙ አሉ። ነገር ግን ካሜራው ወደ ተቀባዩ ሲዞር አዝናለሁ። ሽማግሌ ሰው እጁን ዘርግቶ ቴምርና ሾርባ ሲቀበል፣ እናት የዱቄት ከረጢት ተሸክማ ፊቷን በሻሿ ስትሸፍን የሚቀርጹ አሉ። ያቺ እናት ትናንት ቤት ነበራት፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ጓደኞች አሏቸው። «እናትህን ቲክቶክ ላይ አየናት» ሲባል ልጁ ምን ይሰማዋል? ቀኙ የሰጠውን ግራው የማያውቅ ሰው ምን ያህል ክብር እንዳለው የተማርን ሰዎች ነን። ያሰባሰባችሁት የሰው ገንዘብ ስለሆነ ማሳየት ይገባናል ካላችሁ የተገዛውን ዱቄት፣ ዘይቱን፣ ደረሰኙን አሳዩ። የተቀባዩን ፊት ምን አመጣው? የሰጣችሁት ለአላህ ብላችሁ ከሆነ እሱ አይቷል። ለይዩልኝ ከሆነ ደግሞ ሰደቃው በዚያው ተከፍሎ አለቀ።

ሴቶች ልጆቻችንንም አስቡ። በሠርግ ጊዜ በሴቶቹ በኩል ሂጃቧን አውልቃ፣ ተኳኩላ፣ ከእህቶቿ ጋር የምትጨፍር ልጅ የታየችው በአማና ነው። አንዲቷ ጓደኛዋ «አምሮብሻል» ብላ የቀረጸችውን ለአንድ ሰው ብትልከው፣ ማታውን የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል ነበር፤ ዛሬ ስልክ ተጨምሯል። እናንተ ብታጠፉትም ያስቀረው ሰው አለ። ስለዚህ የሠርጉ ባለቤቶች ገና በር ላይ «ስልክ አታውጡ» ለማለት አትፈሩ። የልጆችንም ፎቶ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸው ጋር፣ ከሰፈራቸው ስም ጋር አታውጡ። የት እንደሚውሉ ለማያውቁት ሁሉ መንገር ነውና።

ስለ ንግዱ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቻናል ስትከፍቱ የራሳችሁን ዕቃ ፎቶ አንሡ፤ የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስዶ ማስቀመጥ ደንበኛን ማታለል ነው። ዋጋውን ጻፉት። መርካቶ በቃል እምነት ሚሊዮን ብር ሲያገበያይ የኖረ ገበያ ነው፤ ያ እምነት በቴሌግራምም ይጠበቃል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው የሚያጠፋው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፣ የተራውንም ስም ነው።

በዕድሜ እኩዮቼ የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ልጆቻችሁ ስልክ ገዝተው ሲሰጧችሁ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ተማሩት። የልጅ ልጅ ፊት ማየት ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ድምፅ ነው፤ ይህን መከልከል የለባችሁም። ነገር ግን በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች አደራ አለብን። ከእኛ የመጣ ነገር «አባባ የላኩት ነው» ተብሎ ይታመናል። «ይህን ለአሥር ሰው ያልላከ እንዲህ ይሆናል» የሚለውን አትላኩ፤ አላህ እንዲህ አላዘዘም። መድኃኒት ነው እየተባለ የሚዞረውንም ሐኪም ሳትጠይቁ አታስተላልፉ። ያልገባችሁን ነገር እጃችሁ ላይ ማስቀረት ምንም አያጎድልባችሁም።

ሌቦችም የሚያነጣጥሩት በእኛ ላይ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ባንክ የሚስጥር ቁጥራችሁን አይጠይቅም። የምታውቁት ሰው በቴሌግራም «ቸግሮኛልና ብር ላክልኝ» ቢላችሁ እንኳ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ፤ አካውንቱ ተሰርቆ ይሆናል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

ልጆቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ከዒሻ በኋላ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ስልካቸውን ተቀብላችሁ ቁጥራቸውን የማያውቁት ሰው እንዳያየው፣ ማንም ተነስቶ ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራቸው አስተካክሉላቸው፤ የቴሌግራሙን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አብራችሁ አውጡና በሚያስታውሱት ቦታ እንዲያስቀምጡት አድርጉ። ደግመው ቢጠይቋችሁ አትቆጡ፤ እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋቸው ነበር። ቢዘገይ ቢዘገይ ከጁምዓ በፊት ይህን ጨርሱ።